ለእሷ የተሠራ ሹሩባ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም ነበር፣ አሁንም አምናለሁ ማለቴ አይደለም። ወንዝ ዳር ድምፅ ሰማን፣ ጓሮ ውስጥ ጥላ አየን የሚሉ ሰዎች ላይ እየሳቅኩ ነው ያደግኩት፣ በዚያ ላይ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ የምማር፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጉረኛ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ስለማፍርበት ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ የመንደር ምስረታ የሚሉት ነገር ቡሬ አካባቢ የደረሰበት ጊዜ። የአክስቴ የእትየ አንጓች ቤት ድሮ ብቻውን ጉብታ ላይ ነበር፣ ከሩቅ በዋንዛው ትለዩታላችሁ፣ አጥሩ ጋ ሳትደርሱ ውሻው ይቀበላችኋል። ያንን አፈረሱትና ሰዉን ማገሩንና ወራጁን አሸክመው ቡሬ ከተማ ጥግ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር አሰፈሩት። አዲሱ መንደር በገመድ የተለካ ነው፣ ቤቱ ሁሉ እኩል፣ በሩ ሁሉ ወደ መንገድ፣ መሀሉ ላይ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽና የባንዲራ እንጨት። ካድሬዎቹ «እንግዲህ ከተሜ ሆናችሁ» ይሏቸዋል፣ አክስቴ ደግሞ «ጎረቤቴ በቤቱ ሲያስነጥስ እኔ በቤቴ ይማርህ እላለሁ፣ ከተሜነት ይኸ ነው?» ትላለች።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቃት ሄድኩ። አዲሱን ቤት አይቼው አላውቅም፣ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከዳር ሁለተኛው ነው» ብለው ነግረውኛል፣ ከየትኛው ዳር እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስደርስ ጊዜው አመሻሽ ነው፣ ጉሙ ወርዶ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤቶቹ እንደሆኑ አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም። ቆጠርኩና «ቤቶች!» እንኳ ሳልል ገባሁ፣ የአክስት ቤት ነዋ!

ምድጃው ይነዳል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የተቀመጡ ሴት ሳይዞሩ «መጣሽ ልጀ?» አሉኝ፣ እኔም «መጣሁ» አልኩ። ሲዞሩ አክስቴ አይደሉም።

ያን ጊዜ ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው ብሎ መውጣት ቀላል ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አፌን ሳልከፍት የራሰ ነጠላዬን ተቀብለው እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፣ እርቦኝ ነበርና፣ እመኑኝ፣ በላሁ። ከበሉ በኋላ ደግሞ «ልጅዎ አይደለሁም» ይባላል? ዓይናቸው የደከመ መሰለኝ፣ ስህተታቸውን ሲያውቁ ያፍራሉ ብዬ እኔ ቀድሜ አፈርኩላቸው። ይሉኝታ ክፉ ነው።

«ነይ፣ ራስሽን ልሥራሽ፣ ምነው እንዲህ ተንጨባረርሽብኝ?» አሉና ጉልበታቸው መሀል አስገቡኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ቅቤውም ቀዝቃዛ ነው፣ ሹሩባውን ግን እንዲህ አድርጎ የሠራኝ ሰው የለም። ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፣ ቦታውን ደባበሱት። «ተመስገን! ጠባሳው ጠፋልሽ ልጀ!» አሉ። ምን ልበል? «አዎ» አልኩ። ቢሆንም «እጀ ለምዶታል» ብለው አንዲት ቀጭን ጉንጉን ከዚያች ቦታ ላይ አሻግረው ወደ ቀኝ ወሰዷት።

ዝምታውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ዝናቡን በበሩ አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም። እሳቱ ይነዳል፣ አይንጣጣም። ጎረቤት ሲያስነጥስ በሚሰማበት መንደር የሚያስል ሰው፣ የሚጮህ ውሻ የለም።

«ታድሪያለሽ አይደል?» አሉኝ። አሁንም «አዎ» አልኩ። እንስራ አንሥተው «ውሃ ቀድቼ ልምጣ» ብለው ሲወጡ ዕቃዬን አፈፍ አድርጌ በረርኩ፣ ደጁን እንዳለፍኩ የዝናቡ ድምፅ፣ የውሻው ጩኸት፣ የአክስቴ ሳቅ ከወዲያኛው ዳር በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አክስቴ ስማኝ ሳትጨርስ «ውይ፣ በዚህ ዝናብ ማን ሠራሽ?» አለችኝ። ቤቱን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «እሱ እኮ የእማማ ውዴ ቤት ነው። ወራጅ ሲሸከሙ ዝናብ መታቸው፣ በገቡ በወሩ ቀበርናቸው። ልጃቸውን እንደጠበቁ ነው የሞቱት» አለች። ኩራዝ ይዘን ሄድን፣ በሩ በሽቦ ታስሯል። ፈትተን ስንገባ ምድጃው ላይ ሣር በቅሏል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ ጥቅልል ዕቃ ይዛ «የእማማ ውዴ ቤት የቱ ነው?» እያለች መጣች። ልጃቸው ናት፣ ወለጋ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትኖር መርዶው አልደረሳትም። ሴቶቹ አረዷት፣ ተለቀሰ። እኔም ሹሩባውን መፍታት ፈርቼ በሻሽ ሸፍኜው ነበርና ላጽናናት ጎንበስ ስል ሻሹ ተንሸራተተ። ልጅቷ ልቅሶዋን አቆመች።

«ይኸን ማን ሠራሽ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ሻሿን ገፍታ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ጸጉር የማይበቅልበትን ጠባሳ አሳየችኝ። «ልጅ ሆኘ ፍም ላይ ወድቄ ነው። እንዲህ አርጋ የምትሸፍንልኝ እመየ ብቻ ናት።»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ስለኔ ጠየቀችሽ?» አለች።

«አልጠየቁም» አልኳት፣ «አንቺ መስያቸው ነበር።»

«ደስ አላት?»

«ተመስገን አሉ» አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እዚያው ቤት ከረመች። ማታ ማታ ጸጉሯን ፈትታ፣ እሳት አንድዳ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች፣ እኔም አክስቴ ቤት ተኝቼ «እመየ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስትል እሰማታለሁ፣ በዚያ መንደር የማይሰማ ነገር የለማ። የመጣላት ግን የለም። ስትሄድ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኋት። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። «አትመጣም» አለችኝ ረጋ ብላ፣ «ለምን ትመጣለች? ልጇ መጥታላት የለ።»

ያን ሹሩባ የፈታሁት ፍኖተ ሰላም ተመልሼ፣ በሬን ቆልፌ ነው። ዛሬ እኔም ወደ እማማ ውዴ ዕድሜ እየተጠጋሁ ነው፣ ሞት ራሱ ያን ያህል አያስፈራኝም። እኔን የሚያስፈራኝ የሞትኩ ለት እሳቸው በር ላይ ጠብቀው «መጣሽ ልጀ?» ያሉኝ እንደሆነ ነው፣ ታድሪያለሽ ወይ ሲሉኝ አዎ ብዬ ወጥቻለሁና።