አራት ድምፅ፣ አንድ ትንፋሽ

የመዘምራኑ መሪ ከሰገነቱ ደረጃ ግርጌ ተንጋሎ ተገኘ፤ ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ። ጸሎት ቤቱን ሊጠርጉ የገቡት ሴትዮ ጩኸታቸውን ሲያቀልጡት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣና ሬሳውን በቅጡ ሳያይ ፈረደ፦ አዳልጦት ነው።

መርማሪዋ የሰፈር ፍርድ አትወድም። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ ቁና ቁና ተነፈሰች።

«ሲወርድ ያዳለጠው ሰው በመቀመጫው ይወድቃል፤ እግሩ ይቀድማል» አለች። «የዚህ ሰው ጭንቅላቱ ነው የቀደመው። ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ላይ ከቆመ ሰው ጋር ይነጋገር ነበር። ተገፍትሯል።»

ሰፈሩ ፍርዱን ለመቀየር ጊዜ አልፈጀበትም። ገፍታሪማ የገዛ ልጁ ነው! በዋዜማው ልምምድ ላይ «አንተ ይሄን መዝሙር ሳትሞት አትለቀውም!» ብሎ ሲጮህ መንገደኛ ሁሉ ሰምቶታል። ልጁ እጁ በካቴና ታሰረ። ቀብሩ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ አባቱን ባዕድ ይሸከመዋል።

ሟቹ አያት ቅድመ አያት በአንድ ድምፅ የዘመሩትን መዝሙር ለአራት ድምፅ ያቀናብር ነበር። ወረቀት አይወድም። የእያንዳንዱን ዘማሪ ዜማ በቃሉ ያንቆረቁርለታል፤ ከዚያ እስኪያንገሸግሸው ያስደግመዋል። አራቱ ዘማሪዎች ልጁ፣ «ነጎድጓድ» የሚሉት ባለ ወፍራም ድምፅ አናጢ፣ በቅርቡ ያገባችው ሙሽሪትና ቀጭኑን ድምፅ የሚመሩት እትዬ ነበሩ።

መርማሪዋ በነጎድጓድ ጀመረች።

«እርስዎ ቅንብሩን አልወደዱትም ይባላል።»

«ማን ይወደዋል? አባቶቻችን በአንድ አፍ የዘመሩትን እንደ ዳቦ ለአራት ቆራረሰው!»

«ታዲያ ለምን ዘመሩ?»

ነጎድጓድ ማጅራቱን አከከ። «የኔ ቁራሽ... እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበረች።»

ሙሽሪት ዙሪያዋን ቃኝታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልምምዱ ሲያልቅ ባሌ በር ላይ ጠብቆ ወሰደኝ። ሁላችንም ስንወጣ መሪያችን ብቻውን ቀረ። የመጨረሻው ስንኝ አልጥም ብሎታል። ደግሞ... እትዬ እንዳይሰሙ እንጂ፣ የሳቸውን ድምፅ ለኔ ሊሰጠኝ አስቧል ይባላል።»

«እትዬ አልሰሙም?»

«እዚህ ሰፈር? ግድግዳውም ሰምቷል።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። የልጁ እናት ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ከልምምዱ በኋላ አገኙት?»

«የት አግኝቼው፣ ልጄ? በቀጥታ ወደ ቤቴ። ደህና እደር እንኳ ሳልለው!» አሉና አለቀሱ። እንባው የውሸት አልነበረም።

ልጁ ግን ደረቅ ነበር።

«ሳትሞት አትለቀውም ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። አንድ ስንኝ መቶ ጊዜ ሲያስደግመኝ ምን ልበለው? ተባረክ? ከፈለግሽ እድሜ ልኬን እሰሪኝ። ብቻ አባቴን ልቅበር።»

በማግስቱ ለቀስተኛው ታች አዳራሹ ውስጥ ሬሳ ሳጥኑን ከቦ ሳለ፣ መርማሪዋ አራቱን ወደ ሰገነቱ ጠራች። የልጁንም ካቴና ለጊዜው ፈታችለት።

«ለሽኝቱ መዝሙሩን አንድ ጊዜ ዘምሩልኝ።»

ዘመሩ። ታች ያለው ልቅሶ ቀስ በቀስ ረጭ አለ። የመጨረሻው ስንኝ «ድካሜን ታውቃለህ፣ ታሳርፈኛለህ» ይላል። «ታውቃለህ» ላይ ሲደርሱ ልጁ፣ ነጎድጓድና ሙሽሪት ዝም ብለው አየር ሳቡ።

አንድ ቀጭን ድምፅ ግን ሳይቆም አለፈ። ብቻውን «ታሳርፈኛለህ» ላይ ወጣና ደንግጦ ተቆረጠ።

«ማናችሁም ንቅንቅ እንዳትሉ» አለች መርማሪዋ። ከኪሷ የሟቹን ስልክ አውጥታ የተቀዳ ድምፅ ከፈተች። የሞተው ሰው ስንኙን ያለ እረፍት ዘመረና በራሱ ሳቀ፦ «እዚህ ጋ ትንፋሽ የለም! እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ። ነገ ለሁሉም አስተምራለሁ።»

ነጎድጓድ ቁልቁል ወደ ሬሳ ሳጥኑ አየ።

«ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት እንደሚያሳየው፣ ይሄን የቀዳው ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ነው» አለች። «ከዚያ ወዲያ አልደወለም፣ አልተደወለለትም፤ ስልኩም ከኪሱ ወደ እጄ ነው የገባው። አዲሱን አካሄድ ሊያውቅ የሚችለው ተመልሶ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ሦስቱ እንደ ለመዱት ተነፈሱ። እርስዎን ማን አስተማረዎት፣ እትዬ?»

«ትንፋሽ አጥሮኝ እኮ...»

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያርፋል እንጂ ሌላውን ጥሎ አይሄድም። ሟቹ የመጣበትን ሰው ሁሉ ያዘምር ነበር፤ እርስዎንም አስጠንቷል። ምላስዎን ለውሸት አዘጋጅተውት ነበር፤ ሳንባዎን ግን ረሱት።»

እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ።

«ድምፄን እንዳይነጥቀኝ ልለምነው ነው የተመለስኩት። "እስቲ መጀመሪያ ይሄን በዪው" አለኝ። አልኩት። አስደገመኝ፤ ደገምኩ። በመጨረሻ ዓይኑ እንባ ሞልቶ "ይኸው! ስፈልገው የኖርኩት ይሄን ነው" አለኝ። ወጣትነቴ የተመለሰ መሰለኝ፣ ልጄ። ከዚያስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በይ እንግዲህ ለሙሽሪት አስጠኚልኝ።"» እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። «አንዴ ነው የገፋሁት።»

ልጁ ቀረባቸው። «እኔ ታስሬ እያየሽ፣ እትዬ?»

«ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል...»

«ቀብሩ እኮ ዛሬ ነው።»

መርማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጎን አስቆመቻቸውና ለልጁ መንገድ ለቀቀችለት።

ልጁ ሲወርድ ሳጥኑ ከመሬት ተነስቶ ነበር። የፊተኛውን ተሸካሚ ትከሻ ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ልቀቅልኝ። አባቴ ነው።»