አራተኛው በር

ከከተማው እስከ አባቷ የከብት እርባታ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ በየብስክሌታቸው ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። በመኪና መሄድ ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን ብስክሌት ጠጋኝ ነውና «ልጅዎን ይስጡኝ» ሊል በሰው መኪና ተጭኖ መድረስን አልወደደም።

የተዋወቁት ከዓመት በፊት ነበር። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ጎማዋ ተንፍሶባት ሱቁ ገባች። ጠግኖ ሰጣት። በሳምንቱ ምንም ያልሆነ ጎማ ይዛ ተመለሰች። ውሃ ውስጥ ነክሮ ፈተሸውና ቀና ብሎ አያት።

«ይህ እኮ ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያው የታመምኩት እኔ ነኛ!»

«መድኃኒቱ ያለው አንቺ ቤት፤ እኔ ምን ላድርግሽ?»

በዚህ መንገድ ላይ ግን ሣቋ ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ነበር። የአባቷ ዐይን እየደከመ ሄዷል፤ ከእርሷ በቀር ልጅ የላቸውም። እሳቸው እሺ ካላሉ ጥላቸው እንደማትሄድ አስቀድማ ነግራዋለች።

ረፋዱ ላይ የሽቦ አጥር ከግራና ከቀኝ ያዛቸው። ከዚያ ወዲያ ዛፍ የለም፤ የደረቀ ሣርና ፊት ለፊት የሚገፋ ነፋስ ብቻ። መንገዱ ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው የሚያልፈው በበር ነው። እርሷ ትከፍታለች፤ እርሱ ይዘጋል።

ከሦስተኛው በር በኋላ የእርሱ ብስክሌት ካቴና ወለቀ።

«የጠጋኝ ብስክሌት!» አለች። «ለደንበኛም እንዲህ ነው የምትሠራው?»

«ሂጂ፣ አፍሽን ይዘሽ ቅደሚ፤ እደርስብሻለሁ።»

አራተኛውን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘው። ጀርባዋ ከሩቅ ይታያል። ረስታው ነው፣ ብሎ አሰበ፤ አባቷ ቢሰሙ ይቈጧታል፣ እኔም ብነግራት ታፍራለች። ወርዶ ዘጋው፤ ማሰሪያውን ሽቦ ሁለት ጊዜ ጠመዘዘው። ስለ እርሷ ያደረገው ነውና ደስ እያለው፣ ምንም ሳይነግራት ደረሰባት።

ለከብት አርቢ ልጅ ሕጉ እንደ መተንፈስ ነው፤ የተዘጋውን ዘግቶ፣ የተከፈተውን እንደ ተከፈተ ትቶ ማለፍ። ሊነገር የሚገባው መሆኑ እንኳ ትዝ አላላትም። አራተኛው በር በበጋ ሆን ተብሎ ይከፈታል፤ ከብቱ ወደ ውሃው ገንዳ የሚደርሰው በዚያ ብቻ ነውና።

ከቀትር በኋላ ደረሱ። አባቷ በክብር ተቀበሉት። እጁን ጨብጠው መዳፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«የሠራተኛ እጅ ነው» አሉ። እርሷ ወንበር አቀረበችለት።

ተቀምጠው ገና ወሬ ሳይጀምሩ የከብቶቹ ጠባቂ በፈረስ እየጋለበ መጣ።

«ጌታዬ፣ አራተኛውን በር ሰው ዘግቶታል! ከብቱ ውሃው ሸትቶት ሲጋፋ ሰባት ጥጃ ተረግጦ ሞተ!»

«ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጠጋኙ።

«ለምን?»

ልጅዎ የረሳችው መስሎኝ፣ ማለት አቃተው። «እንዲሁ... ዘጋሁት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለህም። እኔ የምሻው ግን ዐይኔ ሲጠፋ በዐይኔ ፈንታ የሚያይልኝን ነው። አንተ ያየኸውን ሳትጠይቅ ዘጋኸው። በሰላም ወደ ቤትህ ግባ።»

ደጅ ተከተለችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የረሳሽው መስሎኝ።»

«እኔ? እኔ በር እረሳለሁ? ለአባባስ ለምን እንዲህ አላልካቸውም?»

«ልጅዎ ዝንጉ ናት ልበላቸው?»

የብስክሌቱን መሪ በሁለት እጇ ያዘች። «ነይ በለኝ። አንድ ጊዜ ነይ በለኝ፤ እመጣለሁ።»

ዐይኖቿን አየ። ከዚያ በእርሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ በረንዳው ላይ ግድግዳ እየዳሰሱ ወንበር የሚፈልጉትን ሽማግሌ አየ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቀ።

በከተማ ቢሆን አንድ መታጠፊያ በሰወረላት ነበር። ያ ሜዳ ግን ጕብታ እንኳ የለውም፤ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታያት።

«ሄደ ወይ?» አሉ አባቷ።

«ገና ነው አባባ።»

ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁ። «ገና ነው» አለች።

መንገዱ ባዶ ከሆነ ብዙ ቆይቶም፣ ሲጠይቋት፣ «ገና ነው» አለች።