ስድስተኛዋ ደረጃ

ከምሳ በኋላ መብራት ሲሄድ ምንታምር አልደነገጠችም። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን መሣሪያ ነድፋ የሠራችው ራሷ ናት፤ ኃይሉ በአምስት ደረጃ እየወጣና እየወረደ የአባቷን የኦክስጅን ማሽን ያለ አንዳች መንገጫገጭ ያስኬደዋል። አባቷ አቶ ጓንጉል ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ ያለዚያ ማሽን መዋል አይችሉም። መሐንዲስነቷ አላስችል ብሏት፣ ማሽኑ ሳይጠቀምበት የቀረው ኃይል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድም አበጅታለታለች። በዚህች ብልሃቷ በጣም ትኮራለች።

መብራቱ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ሳምንቱ አለቀ። ባትሪው ግን ቅንጣት አልቀነሰም።

«ልጄ፣ ይኼ ነገርሽ ሳይበላ የሚያርስ በሬ ነው እኮ» አሉ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው።

ሳቀች፤ ግን ሳይበላ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን፣ የኃይሉን መውጣትና መውረድ በስክሪን ላይ የሚስለውን የእጅ መለኪያዋን አምጥታ ከመሣሪያው ጋር አያያዘችው። መጋረጃው በተዘጋው፣ የሞቀ ፕላስቲክና የመድኃኒት ሽታ በታፈነበት ክፍል ውስጥ፣ የማሽኑ እህህታ ከአባቷ ሲር ሲር ከሚል ትንፋሽ ጋር እየተቀባበለ ሲሰማ፣ በስክሪኑ ላይ ከአምስቱ ደረጃዎች በላይ እሷ ያልሠራቻት ስድስተኛ ደረጃ ብቅ አለች። ትወጣለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ ትወርዳለች። አባቷ ሊያስሉ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ጠፋች። ሲተነፍሱ ተመልሳ ወጣች።

የኃይሉን አቅጣጫ ለካች። ከባትሪው ወደ አልጋው አይሄድም፤ ከአልጋው ወደ ባትሪው ይመጣል። የአባቷ ክንድ በሳምንት ውስጥ ለምን እንደ ጭራሮ እንደደረቀ ያን ጊዜ ገባት፤ ፈራች፣ እንደ ሕፃን ፈራች። ብታጠፋው አባቷ ይታፈናሉ፤ ብትተወው ተመጥጠው ያልቃሉ። ለጎረቤታቸው ለጋሽ ሙላት ደውላ፣ እሳቸው የኦክስጅን ሲሊንደር በባጃጅ እስኪያመጡ ድረስ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያቺን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከማየት በቀር ያደረገችው ነገር የለም።

ሲሊንደሩ እንደደረሰ የአባቷን ቱቦ ወደ እሱ አዛወረች፤ ማሽኑን ነቀለች፤ የባትሪውን ሽቦ ሁለቱንም ጫፍ ፈታች። የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ወደ አባቷ ፊት ቀስ በቀስ ደም እየተመለሰ መጣ።

«እፎይ! ምን ነበር ደረቴ ላይ የተቀመጠው?» አሉ። ቀና ብለውም አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ቁና ቁና የምትተነፍሺው?»

«ደህና ነኝ፣ አባባ» ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኗ መለኪያው ላይ አረፈ። መሣሪያው ላይ ባትሪም ማሽንም አልተሰካም፤ በስክሪኑ ላይ ግን ስድስተኛዋ ደረጃ ወጥታ ቆማለች፤ ምንታምር ትንፋሿን ስትይዝ ወረደች።