የነገው አራት

ሟቿ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ በነጭ አንሶላ ተሸፍናለች፤ አጠገቧ አስታማሚ የለም። ብቻዋን መጥታ፣ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ደሟ አልቆም ብሎ አረፈች። ረፋዱ ላይ ከጤና ቢሮ መርማሪ ደረሰች። ድሮ አዋላጅ ነበረች፤ ጥያቄ ስለማይሰለቻት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ኖራ፣ ቤቷ መጥቶ እሷን የሚጠይቃት የለም።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጣቱን ወደ አዋላጇ ቀሰረ። «የደም ማቆሚያውን መርፌ አልወጋቻትም። የሥራ ፈቃዷ ይነጠቅ!»

«ሁለቴ ወግቻታለሁ፣ እትዬ» አለች አዋላጇ። የሆስፒታሉ ብቸኛ አዋላጅ ነች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

ትሪው ላይ ሁለት ባዶ ብልቃጦች አሉ።

«መድኃኒቱ የት ይቀመጣል?» አለች መርማሪዋ።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ» አለ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ። «ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ሙቀቱንም ጧትና ማታ እመዘግባለሁ።»

«እዚያ ደግሞ ምን አለ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለ ዳይሬክተሩ።

እሷ ግን ሄደች። የማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው የሙቀት ቅጽ ከላይ እስከ ታች አራት ዲግሪ፣ አራት፣ አራት ይላል። ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። የመድኃኒቶቹ ካርቶን ግን ተጨማዷል፤ የደረቀ የውሃ ምልክት አለበት። ጎንበስ ብላ የማቀዝቀዣውን የኤሌክትሪክ ገመድ በዓይኗ ተከተለችው። በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ማዋለጃው ክፍል ይገባል።

ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«መርፌው ተወግቷል፤ ግን አልሠራም። ለምን? ሙቀት አበላሽቶታል። ካርቶኑ የራሰው በረዶው ቀልጦ ነው። ቅጹ ግን አንድም ቀን አልሞቀም ይላል።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ወንድሜ፣ የነገ ማታውንም አራት ብለህ ሞልተኸዋል። ነገን በምን አወቅኸው?»

ሰውየውን ላብ አጠመቀው። «አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ጠፍቶ አገኘሁት። የተቃጠለ መሰለኝ። አንተ ነህ ያበላሸኸው እንዳልባል ፈራሁ። ከሃያ ቀን በኋላ በራሱ ሲነሣ፣ ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ።»

«በራሱ አልተነሣም።» መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የማቀዝቀዣው ገመድ የተሰካበትን ሶኬት አሳየች። ከሥሩ ቆሞ የነበረው የሕፃናት ማሞቂያ ጎማ ወለሉን ፍቆታል።

አዋላጇ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን ማሞቂያውን ልሰካ ብዬ ነው። ሌላው ሶኬት ተቃጥሏል፤ ይሠራልኝ ብዬ ለዳይሬክተሩ ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ገመዱ የምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሕፃኑ ከትናንት ወዲያ ድኖ ሲወጣ መልሼ ሰካሁት።»

ዳይሬክተሩ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አንቺ ሳታውቂ ነው የነቀልሽው» አለች መርማሪዋ። «ኃላፊው ማቀዝቀዣው መጥፋቱን እያወቀ አራት ጻፈ፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሦስት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ቀበሩ። ሪፖርቴ ይኸው ነው። ፈቃድሽን የሚነካው የለም፣ ልጄ።»

«ባልነቅለው ያ ሕፃን ይሞት ነበር። ነቀልኩት፣ እሷ ሞተች። ምን ማድረግ ነበረብኝ፣ እትዬ?»

እሜቴ ለምን የአዋላጇን እጅ ያዘች። ከጎን ካለው ክፍል የሟቿ ልጅ አለቀሰ። አዋላጇ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች፤ ሌላ ተረኛ አልነበረም።