የታጠበው አመድ

በ፲፰፻፲፫ ዓመተ ምሕረት፣ በክረምቱ መውጫ፣ በወደቢቱ ከተማ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አሥራ ሁለት ክሮች በአሥራ ሁለት ሚስማሮች ላይ ተንጠልጥለው ነበር፤ እያንዳንዱ ክር የአንድ እንቅርታም ሰው አንገት ልክ ነው። መድኃኒት ቀማሚዋ የባሕር አረም አቃጥላ፣ አመዱን ሰፍራ ለየሰዉ ታድላለች፤ በየሳምንቱም አንገታቸውን እየለካች ክሩን በልኩ ትቆርጣለች። በአርባኛው ቀን ዘጠኙ ክሮች አጥረው ነበር። አንዲት ሴት ልቧ መዝለል ስለ ጀመረ ቀማሚዋ ራሷ መድኃኒቱን አስቁማታለች፤ አንድ ሽማግሌም ለውጥ ሳያሳዩ እንዳሉ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ክር የታናሽ እኅቷ፣ የልብስ አጣቢዋ ነው፤ እርሱም የፀጉር ታህል አልጎደለም፤ እንቅርቱ ግን ትንፋሿን ማፈን ይዟል።

የሐኪሞች አለቃ ክሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እመቤት፣ የገዛ እኅትዎን ያልፈወሰ መድኃኒት ማንን ይፈውሳል? ሰኞ በቢላ እናወጣላታለን» አሉ።

ባለፈው ዓመት ቢላ ከነካቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ አልተነሡም።

ቀማሚዋ እኅቷ ቤት ሄዳ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ስትወስጂው ልይሽ።»

እኅቷ አመዱን በሳህን አድርጋ ውኃ አፈሰሰችበት፤ እስኪዘቅጥ ጠብቃም ውኃውን ወደ ባልዲ ገለበጠች። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«እያጠብኩት ነዋ! ከነግማቱ ይዋጣል እንዴ?»

«ውኃውንስ?»

«አንሶላ እዘፈዝፍበታለሁ። እድፍ ሲያስለቅቅ ብታዪ!»

«እሰይ! ቢያንስ አንሶላው እንቅርት አይወጣበትም።»

ተያይተው ሳቁ፤ የታናሺቱን ሳቅ ግን ሳል ቆረጠው።

ቀማሚዋ የቀሩትን አሥራ አንዱን ዞራ ጠየቀችና ወደ አለቃው ተመለሰች፤ አንገቷንም አልደፋችም። «ጌታዬ፣ አሥራ አንዱ ሳያጥቡ ወሰዱ፤ እኅቴ ግን አጥባ ወሰደች። ኃይሉ ያለው ውኃው በወሰደው ጨው ውስጥ ነው። እኔ አርባ ቀን ሙሉ ስለካ ያላየሁትን እርሷ በባልዲዋ አሳየችኝ። አርባ ቀን ይጨምሩልኝ።»

«ካልጎደለስ?»

«ቢላውን ራሴ ስዬ አቀርብልዎታለሁ።»

አለቃው ብዕር አንሥተው የሰኞውን ቀጠሮ ሰረዙ።

የከተማይቱ መዝገብ የአለቃውን ስም በደማቅ ቀለም ጽፎ፣ «የአረም አመድ አይታጠብ» የሚለውን ትእዛዝ ከሥሩ አኖረ፤ የቀማሚዋም የአጣቢዋም ስም በመዝገቡ የለም። ቀማሚዋ በእጇ የጻፈችው አንድ ቅጠል ወረቀት ግን በመካከሉ ተሰፍቶ ቀርቷል፦ «ልብስ አጣቢዋ፤ ሳታጥብ የወሰደችበት አርባኛ ቀን። አንገቷ ሁለት ጣት ጎደለ። ትንፋሿ ደህና።»