የጋሻዬ ቦቴ የግራ በር

በላስታ ምድር ለሚኖርም ለሚያልፍም ሁሉ ይህ ይታወቅ፦ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የጋሻዬ የውኃ ቦቴ የግራ በር ከውጭ በአንድ መሳብ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ለሁለት ክረምት አልተከፈተም ነበር።

ረቡዕ ጧት ጋሻዬ በቦቴው ፓራውልትና በጋራዡ የድንጋይ ግንብ መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። ስለ በሩ ያወራ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ፈትለወርቅ ላሊበላ ዳር ካለው ጋራዥ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። የሟቹ ጆሮ ጀርባ ላይ ሳሙና ደርቋል። ከእግሩ አጠገብ ባልዲ ተገልብጧል። ፊቱን እየታጠበ ነበር ማለት ነው፤ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ።

መካኒኳ ዳግማዊት እጇ በካቴና ታስሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው በየተራ ይሰድባታል።

«ማን አሰራት?»

«እኔ ነኝ» አለ ኮንስታብል ውዱ። «ድንጋይ ሳያነሡ ብዬ ነው። ከላይም ደውለዋል። እስከ እኩለ ቀን ሌላ ነገር ካልተገኘ ወደ ወልድያ ትላክ ብለዋል። የገደለው እሷ የገጠመችው ሳጥን ነው ይባላል።»

ሳጥን የተባለው ከመሪው ሥር ተደብቆ የሚቀመጥ፣ ዳዊት የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የበሩን ቁልፍ ያዛል። የጋሻዬ መኪና ሳጥን ከተበላሸ ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ዝናብ ይጠርጋል፤ ቀብር ሲያልፍ ክላክስ ይነፋል። የግራውን በር ደግሞ ቆልፎ አልከፍትም አለ። ስለዚህ ባለቤቱም ዘመዱም በቀኝ ገብቶ፣ በወንበሩ ላይ ተንፏቆ ወደ መሪው መሻገር ለመደ።

«መቼ ቀየርሽው?» አለች ፈትለወርቅ።

«ትናንት ማምሻውን። ሐሙስ ነበር የምጠብቀው፤ ከደሴ ቀድሞ ደረሰ። ገጠምኩት፣ በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር አስተዋወቅኩት፣ ሹፌሩ አዳም ነድቶ ሞከረው። ጋሻዬ ጧት መጥቶ ሊወስደው ነበር።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ስቤው ነው ወደ ጓዳዬ የገባሁት። ኢንስፔክተር፣ የእጅ ፍሬን ሽቦ ነው። ሳጥን አያዘውም፤ ሰው ካልለቀቀው አይለቅም። ለእነዚያ ይንገሩልኝ» ብላ በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተች። «እኔማ ከጧት ጀምሮ እየነገርኳቸው ነው።»

ፈትለወርቅ መኪናውን ዞረችው። የግራው በር ሲሳብ ተከፈተ። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቋል፤ መሬቱም ወደ ግንቡ ያዘነብላል። በቀኝ በኩል በመኪናውና በቁልቋሉ አጥር መካከል ያለው ክፍተት ለፍየል እንኳ አይመችም። ቢሆንም እዚያው ውስጥ ቁልቋሉ ተሰባብሯል። የቀኙ ወንበር አቧራ በአንድ ሰው መንፏቀቅ ተጠርጓል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ ጀሪካን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጀታው በሶፍት ተጠቅልሏል።

«የይምርሐነ ክርስቶስ ጸበል ነው» አለች ዳግማዊት። «ጋሻዬ ከቀኙ ወንበር አያነሣውም። ትናንት ማታም እዚያው ነበር። ሶፍቱን ማን እንዳለበሰው እንጃ።»

ፈትለወርቅ ሶፍቱን ፈትታ አየችው፤ ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ደርቋል። አሸተተችውና በላስቲክ ከተተችው።

የሟቹ ሚስት ብርቅዬ ከአጥሩ ውጭ በሴቶች ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለች ፈትለወርቅ።

«እሷን ሳትሰቅሉ ነፍስ ይማር አትበይኝ። አዲሱ ሳጥን ነው የበላብኝ። ማታ የመኪናዬ በር ተከፈተ እያለ እንደ ሕፃን ሲስቅ አመሸ። ይኸው ተከፈተለት።»

«ዛሬ እህል ቀምሰዋል?»

«በገና ጾም? ባሌ ግንብ ላይ ተለጥፎ? የሚበሉት እናንተ ናችሁ። መኪናውን አቃጥሉልኝ፤ ዓይኔ እንዳያየው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አዳም የቦቴው ሹፌር ነው። ጥያቄ ሳይጠበቅ ጀመረ።

«ተጣልተን ነበር። ከእኔ ይስሙት፤ ሌላው ሰው ጨው ጨምሮ ነው የሚነግርዎ። ከሰኞ ጀምሮ ታንከሩን አውርዶ አሸዋ ሊጭንበት ነበር። እኔ ከመሪው እወርዳለሁ፣ የጋሼ በለጠ ሆቴል ያለ ውኃ ይቀራል። ለገና የሚመጣው እንግዳ በምን ይታጠባል ብንለው፣ በላቡ አለን።»

«ሳጥኑስ?»

«አዲሱ? ስነዳው ሰላም ነበር። አሁን ግን ምን አውቃለሁ፤ ወንድሜን ገድሏል እየተባለ። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም።»

በለጠ የብርቅዬ ታላቅ ወንድም ነው። ሆቴሉ ከጋራዡ ቁልቁል የአንድ ዱላ ውርወራ ያህል ይርቃል። ፈረንጆች ቁርስ ከሚበሉበት በረንዳ ጫፍ ላይ መቁጠሪያ ይዞ ተቀበላት።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ከኅዳር ወዲህ አንነጋገርም። እሱም፣ ሚስቱም፣ ያ ሹፌሩም ደጄን አይረግጡም። ውኃውን እንኳ ከአጥር ውጭ ቆመው ነው የሚለቁልኝ። ቢሆንም ደም ነው። ያችን ልጅ ዝም አትበሏት። አሮጌውን ሳጥን እንደታቀፈ መኪናውን ተዳፋት ላይ አቁማ መተኛት ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«ዛሬ ጧት የት ነበሩ?»

«ጸሎት ላይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም በአፌ አይዞር።»

ፈትለወርቅ አመስግና ወጣች። ውዱ ከኋላዋ «ጻድቅ ሰው» አለ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉንም ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቆመቻቸው። ዳግማዊትን የሚወስደው የፖሊስ ፒክአፕ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ይጠብቃል። ሕዝቡ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የእጅ ፍሬን በሽቦ ነው የሚሠራው» አለች። «ስለዚህ የለቀቀው ሰው ነው። ያ ሰው የገባው በቀኝ በር ነው፤ ቁልቋል እየወጋው። የግራው በር በአንድ መሳብ እየተከፈተ እሾህ ውስጥ የሚገባ ማን ነው? መከፈቱን ያልሰማ ሰው።»

«እሷ ሆን ብላ ብታደርገውስ?» አለች ብርቅዬ።

«ዳግማዊት ወንጀል መሥራት ብትፈልግ የራሷን ጋራዥ አትመርጥም። በሩን የጠገነችው እሷ ናት። የነዳው አዳም ነው። እርስዎ ከባልዎ አፍ ሰምተዋል። ሁለታችሁም ስትራገሙ የረገማችሁት አዲሱን ሳጥን ነው። አሮጌውን የረገመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማንም ስለማያናግረው ያልነገሩት ሰው።»

አንገት ሁሉ ወደ በለጠ ዞረ።

«ሳጥን ሳጥን ሲባል ሰማሁ፤ ተናገርኩ» አለ በለጠ። «አዲስ ይሁን አሮጌ እኔ መካኒክ ነኝ?»

«አይደሉም። ያ ብቻ ቢሆን አላስቆምዎትም ነበር። ወንበሩ ላይ ግን ጀሪካን ነበር፤ በላዩ መንፏቀቅ አይቻልም። ጸበል ነውና ገዳዩ አልወረወረውም፤ አውርዶ ቀጥ አድርጎ አቆመው። በባዶ እጁም አልነካውም፤ በልቶ ነበርና እጀታውን በሶፍት ያዘ። መካኒክ ቢሆን ሶፍቱ ግራሶ በግራሶ ይሆን ነበር። ይኸው ነጭ ነው። ያለበት የእንቁላል አስኳል ነው።»

ገዳይ ሲባል ዝም ያለው ሕዝብ፣ እንቁላል ሲባል አጉረመረመ።

«ጨውን ለማየት ያህል ነው» አለ በለጠ ፈጥኖ። «ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ መቀመስ አለበት።» ከዚያ አፉን ዘጋ። የተጠየቀው ስለ እንቁላል እንዳልሆነ የገባው ዘግይቶ ነው።

«ወንድም ጋሼ» አለች ብርቅዬ።

«ልለምነው ነው የመጣሁ» አለ በለጠ፣ ለእሷ ሳይሆን ለመሬቱ። «ገናን ብቻ አሳልፈኝ አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይታጠባል። አንዴ ያፈሳል፣ ደግሞ ሳሙና ይመታል፣ ደግሞ ያፈሳል። ያንን ሁሉ ውኃ። ላስደነግጠው ነበር። መኪናው ግን አልጠበቀኝም።»

ውዱ ካቴናውን ከዳግማዊት እጅ ፈትቶ በለጠ እጅ ላይ አደረገው። ይቅርታ ያላት ሰው የለም። ስድቡ ብቻ አቅጣጫ ለወጠ። እሷም የእጇን አንጓ እያሸች ከጎማው ተነሣች።

«መኪናችሁን ከግቢዬ አውጡልኝ» አለች።

«ጣቢያ ይቆማል» አለች ፈትለወርቅ፤ ቁልፉንም ኮፈኑ ላይ አኖረችው። «ጉዳዩ ሲያልቅ ለባለቤቱ ይሰጣል። እዚያ ድረስ የሚወስደው ማን ነው?»

በለጠ ከፒክአፑ ላይ አንገቱን አወጣ። «ታንከሩ ሙሉ ከሆነ» አለ፣ «መንገዱ በሆቴሉ በኩል ነው።»

የሰማው ያለ አይመስልም። የብርቅዬ እጅ ከነጠላዋ ሥር ወጥቶ ቁልፉ ላይ አረፈ። የአዳምም እጅ በዚያው ቅጽበት እላዩ ላይ አረፈ። ሁለቱም አልለቀቁም።