የአይደነግጤ ደብዳቤ

ሽማግሌው ከጠረጴዛቸው ኋላ እንደተቀመጡ፣ የተኙ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው ወተት የነበረበት ኩባያ ቆሟል፤ ከኩባያው ሥር በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ነበር። መርማሪዋ በልቧ «ነፍስ ይማር» ብላ ጎንበስ አለችና አነበበችው።

«ገበያው አሸነፈኝ። ያለኝን ስድስት መቶ የሲሚንቶ አክሲዮን በሙሉ ዛሬውኑ ሽጡ። ከእንግዲህ አቅም የለኝም።»

በዚያ ወር ገበያው ወድቆባቸው ራሳቸውን ያጠፉ የሁለት ሰዎች ሬሳ አንስታለች። ይህኛውን ግን ማመን ከበዳት። የአክሲዮን ሰዎች ሽማግሌውን «አይደነግጤ» ነበር የሚሏቸው፤ ሌላው ሲሸጥ እሳቸው ይገዛሉ። ከክርናቸው ሥር የሲሚንቶ ፋብሪካው ዓመታዊ ሪፖርት ተዘርግቷል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ዕዳ የለበትም። ምድጃው አዲስ ነው። በዚህ ዋጋ በነጻ እንደ መስጠት ነው» ብለው ጽፈዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ጋር በየተራ ለብቻቸው የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው፣ ደላላቸውና ታናሽ ወንድማቸው። መርማሪዋ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

የልጅቷ ዓይን አብጧል። «እውነት አባዬ ተስፋ ቆርጦ ነው የሞተው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ነገ ገበያው ሳይከፈት ልሽጥ አልሽጥ መወሰን አለብኝ። አጎቴ ‹ሽጪ› እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።»

«ስንት የሲሚንቶ አክሲዮን ነበራቸው?»

«ስምንት መቶ። ሰኞ ዕለት በራሱ ገንዘብ ሁለት መቶ ጨምሯል። ማዘዣውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ‹ለአጎትሽ እንዳትነግሪ፣ ይደነግጣል› ብሎኝ ነበር።»

ደላላው ላቡን እየጠረገ ገባ። «ስምንት መቶ ነው። እኔማ ‹ጋሼ፣ ቤት እየተቃጠለ ቤት ይገዛሉ?› ብያቸው ነበር። ‹የሚቃጠለው ዋጋው ነው፣ ቤቱማ ቆሟል› ብለው ሳቁብኝ።»

ታናሽ ወንድም መቀመጥ አልቻሉም። ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ይከታሉ፣ መልሰው ያወጣሉ።

«ወንድምዎ ስንት አክሲዮን ነበራቸው?»

«ነበረን በይ፤ የጋራ ነው። ስድስት መቶ። ውሉ የአሥር ዓመት ነው። ወይ ሁለታችን ካልተስማማን፣ ወይ አንዳችን ካልሞተ አይሸጥም። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ዓይኔ እያየ ቀለጠ።»

«እንቅልፍስ ይወስድዎታል?»

«ምን እንቅልፍ አለ፣ እህቴ? ገበያው ከወደቀ ወዲህ ያለ ኪኒን ዓይኔ አይከደንም።»

በማግስቱ ጠዋት የምርመራው ውጤት መጣ፤ ኩባያው ውስጥ በቀረው ወተት ብዙ የእንቅልፍ ኪኒን ሟሙቷል። ገበያው ሊከፈት ሩብ ሰዓት ሲቀረው መርማሪዋ ሦስቱን በሟቹ ክፍል ሰበሰበች። ባዶውን ወንበር ደፍሮ ያየ አልነበረም።

«ደብዳቤው ስድስት መቶ ይላል» አለች በዝግታ። «ሟቹ ሰኞ የገዙትን ማክሰኞ አይረሱም። ልጃቸው ማዘዣውን አድርሳለች፣ ደላላው ገዝቷል። በሐሰት ደብዳቤ ሊያሳምነኝ የፈለገ ሰው፣ ትክክለኛውን ቁጥር እያወቀ የተሳሳተ አይጽፍልኝም። በዚህ ክፍል ስድስት መቶ ብሎ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ አጎቷ ዞረች።

«ወተቱ ውስጥ ያለው እርስዎ የሚውጡት ኪኒን ነው፤ ፋርማሲው አረጋግጦልኛል። ከሁሉ በፊት የነቃሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ፍርሃት የወንድምዎ አይደለም። እሳቸው ገበያ ሲወድቅ ምን እንደሚሰማቸው ገብቶዎት አያውቅም። ስለዚህ የራስዎን ጻፉላቸው።»

ወንድምየው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ለመንኩት» አሉ። «እግሩ ላይ ወድቄ። ‹ፋብሪካው እኮ የትም አልሄደም፣ ታገስ› ይለኛል። ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታው ነው…»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አልፈራም ነበር ማለት ነው» አለች ለራሷ። «እስከ መጨረሻው አልፈራም።»

ፖሊሶቹ ክንዳቸውን ይዘው ሲያወጧቸው፣ ወንድምየው በሩ ላይ ቆም ብለው ወደ ደላላው ዞሩ።

«በስንት ተከፈተ?»

ደላላው ስልኩን አየ። ልጅቷ ከእጁ ተቀብላ አነበበች።

«ደግሞ ወርዷል፣ አጎቴ።» ከዚያ ስልኩን ለደላላው መለሰችለት። «አንዱንም እንዳትሸጥ።»